ለወጉ የተጠራ ዋጋ

እህቴ በሞተችበት ሰሞን መኪናዬም ሞተች። እንዲህ ሳወራው ሰው ቀልድ ይመስለዋል፤ ቀልድ አይደለም፣ በአንድ ወር ውስጥ የሆነ ነገር ነው። ሁለቱንም የሰማሁት በአንድ ዓይነት ጆሮ ነው። ሐኪሙ በአስተርጓሚ የነገረን ጊዜ እሺ አልኩ። የጋራዡ ሰውዬም ሞተሯ አልቋል፣ ማሠራቱ አያዋጣህም ሲለኝ እሺ አልኩ። ከዚያ አውቶቡስ ይዤ ዋይንድሃም ቬል የሚባለው ሰፈር ቤቴ ገባሁ። ሻይ አፈላሁ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ደፋሁት። ያ ሰሞን እንዲያ ነበር። ሰው ሲያለቅስ አያለሁ፤ እኔ ግን ቁጭ ብለውበት እንደደነዘዘ እግር ነበርኩ። ቢቆነጥጡኝ እንኳ የሌላ ሰው ገላ ነው የሚመስለኝ።

እህቴ ታላቄ ናት። እትዬ ነበር የምላት። ወደዚህ አገር ያመጣችኝ እሷ፣ ዶሮ ፋብሪካ ያስቀጠረችኝ እሷ፣ መንጃ ፈቃድ እስካወጣ ድረስ ፍሬን በሌለበት በኩል ተቀምጣ ፍሬን ስትረግጥ የከረመችውም እሷ ናት። ኤጅድ ኬር፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ ሌሊትም ቀንም ሺፍት እየሠራች ኖራ፣ ጡረታ ልትወጣ ስትል አዲስ ቀይ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛች። ሰው ሁሉ ገረመው። በስተርጅና ቀይ አማራት ያሉም ነበሩ። እሷ ግን ማደያ ቆሜ እጄ ቤንዚን ቤንዚን መሽተቱ ሰልችቶኛል ብላ አፋቸውን ዘጋች። ከኋላዋ የተጎታች መንጠቆ ስለነበራት የእድራችንን ድስት፣ ወንበርና ድንኳን ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት የምትጎትተው እሷ ነበረች። የራሷ ለቅሶ ቀን ድስቱን በሌላ ሰው ቫን አመጡት። አርፍዶ ደረሰ።

ባለቤቷ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ በዕድሜ ብዙ ይበልጡኛል። ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት ከተዉ ቆይተዋል። አርባው እንዳለፈ ደውለው ብቅ በል አሉኝና ትሩጋኒና ያለው ቤታቸው ሄድኩ። ልጃቸው የምትኖረው ፐርዝ፣ ከአገሩ ወዲያኛው ዳር ነው። ሰማንያው ሲያልፍ መጥታ ልትወስዳቸው፣ የተከራዩት ቤትም ለአከራዩ ሊመለስ ተወስኗል። ልጅቷ በስልክ በእንግሊዝኛ ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው በአማርኛ ደግ ይላሉ፤ በዚያው ያልቃል።

ጋራዡን ከፈቱልኝ። መኪናዋ ቆማለች፤ የቻርጅ ገመዷም እንደተሰካ ነው።

"እሷ የሰካችው ነው፤ እኔ አልነካሁትም" አሉ።

ጋራዡ ይበርዳል። ከመንገዱ ማዶ የመጋዘኖቹ ከባድ መኪናዎች ወደ ኋላ ሲሄዱ የሚያሰሙት ጲጲታ ይሰማል። ከዚያ ውሰዳት አሉኝ። የእህትህ ናት፣ ላንተ ትሁን አሉ። በነጻ አልወስድም አልኳቸው። አፈሩ ሳይደርቅ በእህቱ መኪና ይንፈላሰሳል መባልን ፈራሁ። ደግሞም እሳቸው ሰው ቤት ሊገቡ ነው፤ የልጅ ቤትም ቢሆን ባዶ እጅ አይገባም፤ ሐውልቱም ገና አልቆመም። እሳቸው ውሰድ፣ እኔ አልወስድም፣ ሁለት ሽማግሌ እዚያ ብርድ ላይ ቆመን ተግደረደርን። በመጨረሻ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን አወዛወዙ።

"እንግዲያው ለወጉ ሃያ አምስት ሺህ ስጠኝና ይብቃ።"

ለኔ ቢጤ ጡረተኛ ሃያ አምስት ሺህ ዶላር ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ግን እህቴ ያችን መኪና ከሰባ ሺህ በላይ አውጥታባት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸውም ወንድማቸው ከአዲስ አበባ የነገራቸውን አወሩኝ። እዚያ አሁን የሚገባው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ የገዛ ሁሉ ተሻምቶ ነው የገዛው አሉ። ድሮ ከአገር ሲወጡ የሸጧትን አሮጌ የጃፓን መኪናም አስታወሱ። ዘጠኝ ዓመት ነድተዋት፣ ሁለት ጊዜ ተገልብጣ፣ ከገዙበት በላይ ነው የሸጧት። እኔም የማውቀው ይህንኑ ነው። በእኛ አገር መኪና እንደ ቤት ነው፤ ያረጃል እንጂ አይረክስም። እና ሃያ አምስት ሺህ ሲሉኝ፣ እሳቸውም እኔም፣ አርባና ሃምሳ ሺህ ዶላር በስጦታ መልክ በመሃላችን ቆሞ ያየን መሰለን። ለእህቴ ነፍስ ብለው መስጠታቸው ነው። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

እዚያው ቆሜ የለም፣ ልጨምር ብዬ ልከራከር አልችልም ነበር። ሐዘንተኛ ቤት ገበያ አይቆምም። ዋጋ ወደ ላይም ይሁን ወደ ታች፣ የለቅሶ ፍራሽ ባልተነሳበት ቤት ክርክር ነውር ነው። ስለዚህ በልቤ አንድ ነገር አሰብኩ። የመኪናዋን ትክክለኛ ዋጋ ውጪ ጠይቄ ላጣራና፣ አቅሜ የሚችለውን ያህል ጨምሬ፣ በፖስታ አድርጌ ትራሳቸው ሥር አኑሬ ልውጣ። ያኔ አይመልሱልኝም። እውነቱን ለመናገር የሚሠራ ነገር ማግኘቴ ራሱ ደግ ነበር። ቀኑ ረጅም ነው፤ እጅም የሚይዘው ይፈልጋል።

የእኔ ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛ አነባለሁ፤ ግን እንደ ሽንብራ እየለቀምኩ ነው። ስልኬን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አቁሜ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ የመኪና ዋጋ የሚነግር ዌብሳይት ውስጥ ታርጋዋን ጻፍኩ። ዓመቷን አወቀው። ስሟን አወቀው። ከዚያ ከነዚህ ከሦስቱ የትኛዋ ናት ብሎ ጠየቀኝ። ሦስቱም ቀይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በፎቶ ደግሞ እንደ መንትያ አንድ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ይራራቃል። ዘጋሁት።

አንድ የቤተክርስቲያናችን ሰው አለ። በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይነዳል፤ የሱም መኪና ኤሌክትሪክ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሆፐርስ ክሮሲንግ የገበያ ማዕከሉ ፓርኪንግ ውስጥ ቻርጅ ሲያደርግ ይገኛል። አፉ አያርፍም፤ ልቡ ግን ደግ ነው። ሄጄ ከጎኑ ጋቢና ገባሁ። ጋሼ፣ እርስዎም ከቤንዚን ጋር ተጣሉ እንዴ ብሎ ተቀበለኝ። የማን መኪና እንደሆነች ስነግረው ቀልዱን ተወና ሬዲዮውን አጠፋ።

ነገሩን እንዲህ አድርጎ አስረዳኝ። አንድ ስም ይዘው ትንሽ ባትሪ ያላቸው አሉ፣ ትልቅ ባትሪ ያላቸው አሉ፣ እንደ እብድ የሚሮጡም አሉ። ከኋላ የተለጠፈው ምልክት አይታመንም፤ ሰው ገዝቶ ይለጥፋል። በዚያ ላይ ገዢው አዲስ ሲያዝዝ ከፍሎ የሚያስጨምረው ነገር አለ፤ ቀለም፣ ወንበር፣ ቸርኬ። ይህን ሁሉ የሚያውቀው የሻንሲ ቁጥሯ ነው።

"ቁጥሩን ይዘው ሻጮቹ ጋ ይሂዱ። ስትወለድ ምን ይዛ እንደተወለደች ይነግሩዎታል። እኔ ደግሞ አሁን ምን እንደምታወጣ እነግርዎታለሁ።"

ቁጥሩ ከፊት መስታወቷ ሥር በስተጎን ተጽፏል። ትሩጋኒና ተመልሼ፣ ጋራዡ ውስጥ ጎንበስ ብዬ በስልኬ ፎቶ ሳነሳ ጋሼ ከበሩ ላይ አዩኝ። ምን ጠፋብህ አሉኝ። ለኢንሹራንስ ይፈልጉታል አልኩ። ሲሄዱ የነጠላ ጫማቸው መጎተት ይሰማኛል። በልተዋል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ በልቻለሁ አሉ፤ ሳህኑ ግን ደረቅ ነበር። ገመዱ አሁንም እንደተሰካ ነው።

የሻጮቹ ቢሮ ያገኘኋት ሴትዮ ትሁት ነበረች። የባለቤቷን ጉዳይ አልነግርህም፣ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራትን ግን እሰጥሃለሁ ብላ አንድ ገጽ አተመችልኝ። አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀምጬ ለቅሜ አነበብኩት። ትልቁ ባትሪ። ቀዩ ቀለም፣ በተጨማሪ ክፍያ። ነጭ ወንበር፣ በተጨማሪ ክፍያ። ትልልቁ ቸርኬ፣ በተጨማሪ ክፍያ። ራሷን በከፊል የምትነዳበት ፕሮግራም፣ ብዙ ተጨማሪ ክፍያ። የተጎታች መንጠቆ። በየአንዳንዱ ፊት የዚያን ጊዜ ዋጋው አለ፤ ሲደመር ከሰባ ሺህ ያልፋል። እህቴ ያለችው ልክ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር መሰለኝ። ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ።

በማግስቱ ወረቀቱን ለባለ ታክሲው ሰጠሁት። መሪው ላይ ዘርግቶ ከላይ ወደ ታች በአውራ ጣቱ ወረደበት።

"ትልቁ ባትሪ ጥሩ፤ ዋጋ አለው። ቀለም... ጋሼ፣ ለቀለም የከፈለ የመጀመሪያው ሰው ብቻ ነው። ነጭ ወንበር ልጅ ያለው ሰው አይገዛም። ትልቅ ቸርኬ ጭራሽ ይቀንሳል፤ ጎማው ውድ ነው፣ ባትሪም ይበላል።"

"ፕሮግራሙስ?" አልኩት።

እሱን እንዳይተማመኑበት አለኝ። አንዳንዱ ከመኪናዋ ጋር ይሄዳል፣ አንዳንዱ በባለቤቷ ስም ስለተመዘገበ ስም ሲዛወር ይጠፋል፤ ቢሄድም ገዢ ብዙ አይጨምርበትም። ከዚያ ዋናውን ነገረኝ። አዲሶቹ መኪናዎች ራሳቸው ዋጋቸው ወርዷል። እህቴ ከገዛቻት የምትሻለው አዲሷ ዛሬ እህቴ ከከፈለችው በታች ትገኛለች፤ ታዲያ አሮጌዋን ማን በስንት ይገዛል? ስልኩን አውጥቶ የሷን ዓይነት፣ የሷን ዓመት፣ የሷን ያህል የተነዱትን አሳየኝ። አንዱ ሃያ ሦስት ሺህ፣ አንዱ ሃያ ስድስት፣ አንዱ ሃያ አራት ከምናምን።

"የእህትዎ ባለቤት ስንት አሉዎት?"

"ሃያ አምስት።"

"ታዲያ! ልክ ዋጋዋ ነው። ምን ሆኑ?"

"ልክ ዋጋዋ መሆኑ ነው ችግሩ" አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ጋሼ ለእህቴ ነፍስ ብለው ንብረት የሰጡኝ እንደሚመስላቸው ስነግረው ወረቀቱን በቀስታ አጠፈው። አዬ ጉድ አለ። ቻርጁ ሞልቶ ነበር፤ እሱ ግን አልነቀለውም።

ከዚያ ወዲያ ፍለጋዬ ተገለበጠ። በፊት ሰውየውን እንዳልበድል ነበር ዋጋ የምጠይቀው። አሁን ዋጋው ከፍ እንዲልልኝ ነው የምጠይቀው። ሰው መኪና ሊገዛ ሲል ውድ ይሁንልኝ ብሎ ሲለምን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ክረምት እንዲያ ሆንኩ። ያገለገለ መኪና የሚሸጡ ቦታዎች ጋ ደወልኩ። አንዱ ሃያ አንድ ሺህ ከፍዬ እወስድልሃለሁ አለኝ፤ አመስግኜ ዘጋሁ። ነጭ ወንበር ያላቸውን ለይቼ አየሁ፤ ለውጥ የለም። ባለ መንጠቆ ፈለግሁ፤ መንጠቆ ያላት አንዲት ብቻ አገኘሁ፤ እሷ ትንሽ ወደድ ብላለች፤ ግን ያለችው ሩቅ ከተማ ነው፣ ብዙም አልተነዳችም። ማታ ማታ ዓይኔ ሲደክም ስልኩን ደፍቼ እተኛለሁ። ስለ እህቴ አላስብም ነበር። ስለ ቸርኬና ስለ ቀለም ነበር የማስበው። እውነት ነው፤ ቀለሙን የመረጠች ቀን ለኔ ደውላ ነበር። ቀይ ይሻላል ሰማያዊ ብላኝ፣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩና የፈለግሽውን ብዬ ዘጋሁት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ባለ ታክሲው መኪናዋ ሞልታ ተሰክታ ብዙ ጊዜ መቆየቷ ለባትሪው አይሆንም ብሎኝ ነበር። ያንን ለጋሼ መንገር ነበረብኝ፤ ስለ ዋጋውም አብሬ ልነግራቸው ወሰንኩ። በመዋሸትና ዝም በማለት መካከል ያለው ነገር ለኔ ጠባብ ነው። ወረቀቱን ኮቴ ኪስ ውስጥ አድርጌ ሄድኩ።

በሩን ክፍት አድርገውልኝ ሳሎን ስልክ ላይ ነበሩ፤ ከልጃቸው ጋር። በእጃቸው ተቀመጥ አሉኝና ወሬያቸውን ቀጠሉ። ከለቅሶው ወዲህ እንዲያ ያለ ድምፃቸውን አልሰማሁም ነበር። ጠንካራ ነው፤ የቤት አባወራ ድምፅ ነው።

"የለም፣ ዲለር፣ መኪና ነጋዴ ምናምን አትበይኝ" ይሉ ነበር። "መኪናዋን ለአጎትሽ ሰጥቻታለሁ። ገንዘብ? ለወጉ ነው እንጂ ምን ገንዘብ አለ። እናትሽ ብትኖር ይህንኑ ነበር የምታደርገው።"

ልጅቷ ከወዲያ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለች። እሳቸው ጨርሻለሁ አሉና ዘጉት። ከዚያ ለኔ ሻይ ሊያመጡ ተነሱ። እኔ ላምጣ ብል እምቢ አሉ። ሁለት ብርጭቆ ይዘው መጡ፤ ለራሳቸውም ዳቦ ነበራቸው፤ እየነከሩ በሉ። እኔ ኪሴ ውስጥ ወረቀቱን በጣቴ ይዤዋለሁ። አሁን ላውጣው እላለሁ። ቀለሙ ምንም አያወጣም፣ ወንበሩ ምንም አያወጣም፣ ሌሊት ሺፍት የሠራችበት ሁሉ በገበያ ላይ የለም፣ የሰጡኝ ነገር የለም ልበል? ይህንን ለማን ብዬ ነው የምናገረው? ለራሴ ንጹሕነት ካልሆነ። ወረቀቱን ለቀቅኩት።

ብድግ ብዬ እጅ ነሳሁ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ብዙ ነው ያደረጉልኝ።"

"እኔ አይደለሁም" አሉ፤ ዳቦውን እያኘኩ። "እሷ ናት የሰጠችህ። እኔ ቁልፉን ነው የማቀብልህ።"

ቁልፍ እንኳ የላትም፤ መክፈቻዋ ካርድ ነች። ከእህቴ ቦርሳ ውስጥ ከአንዲት ትንሽ የማርያም ስዕል ጋር በጎማ ታስራ ነበር፤ ካርዷን ሰጥተውኝ ስዕሏን አስቀሩ። ጋራዥ ገባን። ገመዱ ለባትሪው ጥሩ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። በል እንግዲህ አንተ ንቀለው አሉ። ነቀልኩት። ጠቅ አለ። ይዤው ቆምኩ፤ የት እንደማኖረው አላወቅሁም፤ እሳቸውም አላወቁም። ሁልጊዜ እሷ ነበረች የምትጠቀልለው። መጨረሻ ላይ መሬት ተውነው።

ገንዘቡን ከጡረታ ቁጠባዬ አውጥቼ በባንክ ላክሁላቸው። ሃያ አምስት ሺህ፣ አንድም ሳልጨምር። በፖስታ የምለው ሐሳብ ቀረ፤ ብጨምርበት ስጦታቸውን መመለስ ይሆን ነበርና። መኪናዋን ወደ ስሜ ስናዛውር ራሷን የምትነዳበት ፕሮግራም እንደተባለው ጠፋ። አልቆጨኝም፤ እኔ መሪ መያዝ እወዳለሁ።

ሰማንያው የወጣው ቤተክርስቲያኑ አዳራሽ ነው። ከጸበል ጻዲቁ በኋላ ወንዶቹ በአንድ ጠረጴዛ ተሰበሰብን፤ ጋሼ መሃል ናቸው። አንዱ መኪናዋን ውጪ አይቶ ማን እንደሚነዳት ጠየቀ። ጋሼ እኔን አሳዩት። ለእህቱ መታሰቢያ እንድትሆነው ሰጠሁት አሉ፤ ለወጉ ብቻ ሃያ አምስት ሺህ ተቀብዬ። አንዱ ሽማግሌ ከንፈሩን መጠጠ፤ እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት አለ አለ። ሌላው ልጁ በቅርቡ መኪና የገዛ ነው፤ ሃያ አምስት ብሎ ደገመና ዋጋውን ለማየት ስልኩን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ሰደደ።

ባለ ታክሲው ትይዩ ተቀምጦ ነበር። አየኝ። እኔም አየሁት። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ነገር የተሰማኝ ያኔ ነው፤ ፍርሃት ነበር።

"ጋሼ" አላቸው፣ እንጀራውን እየጠቀለለ፣ "ሁለተኛ አማች አያስፈልግዎትም? እኔም እኮ እህት አለችኝ። እኔን ቀለሙን ሳላይ ሃምሳ ሺህ አስከፍለውኛል።"

ሰው ሳቀ። ያም ሰው ስልኩን ሳያወጣ እጁን መለሰና ሳቀ። ጋሼ ደግሞ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ፤ አንተማ እህትህን አሳይተህ መኪናዬን ልታወጣ ነው አሉት። ባለ ታክሲው የሚነዳትን በስንት እንደገዛት አውቃለሁ፤ ሃምሳ አይደለም። ከዚያ ወዲያ ዋጋ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ሲያበቃ የእድሩ ድስትና ወንበር መመለስ ነበረበት። ሴቶቹ ታጥቦ ያለቀውን ደርድረው ጠበቁኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም፤ መኪናዋን አይተው እኔ እንደምወስደው አወቁ። ተጎታቹን መንጠቆው ላይ ስናገጥም አልገባ አለና ሁለት ሦስት ጊዜ ታገልነው። ጋሼ ደጃፉ ላይ ወንበር አስመጥተው ተቀምጠው ያዩናል፤ ዓይናቸው ባያደርስም። በሳምንቱ ፐርዝ ሄዱ።

በዝግታ ነዳሁ። ድስቶቹ ከኋላዬ በየጉድጓዱ ይንኳኳሉ። ነጩ ወንበር ንጹሕ ነው፤ እሷ ጨርቅ ታነጥፍበት ነበር። የባትሪው ቁጥር ግን እያየሁት ቶሎ ቶሎ ወረደ። ተጎታች ስትስብ እንደዚያ እንደምትሆን አላወቅሁም ነበር፤ ወረቀቱም ላይ የለም። እህቴ ነግራኝ አታውቅም። ወይም ነግራኝ፣ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ አልሰማኋት ይሆናል።